አጥሩ የቆመው በማን መሬት ላይ ነው? በጆርጂያ ትናንሽ ከተሞች ምክር ቤት ስለ ወሰን፣ ስለ ኢዝመንትና ስለ ንግድ ፈቃድ ክፍያ ሲወስን

በአትላንታ ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ከተሞች የምክር ቤት አጀንዳ ላይ ሦስት ዓይነት ጉዳይ ይመላለሳል። የአንዱ አጥር ወይም ደረጃ በከተማው መሬት ላይ ወጥቷል፤ ከተማው በሌላው ግቢ የፍሳሽ ቱቦ ማሳለፍ ይፈልጋል፤ የንግድ ፈቃድ ክፍያ ሊሻሻል ነው። የአገራችን ሰው ቤት ገዝቶ፣ ሬስቶራንትና ሱቅ ከፍቶ በሚኖርባቸው እንደ ክላርክስተን ባሉ ከተሞች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አብዛኛው ሰው ግን አጀንዳውን የሚከፍተው ደብዳቤ ቤቱ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ተገኝቶ፣ ማይክሮፎን ይዞ ሁለት ሦስት ደቂቃ መናገር ነገሩን የሚያዞረው ይመስለዋል። እምብዛም አያዞረውም። እነዚህ ጉዳዮች የሚያልቁት በወረቀት ነው፦ በሰፈሩ ፕላት (በተመዘገበው የመሬት ንድፍ)፣ በተመዘገበው የኢዝመንት (በሌላው መሬት የመጠቀም መብት) ውል፣ በከተማው የክፍያ ሠንጠረዥ። የምክር ቤቱ አባላት ድምፅ የሚሰጡት ሠራተኞቹና የከተማው ጠበቃ አስቀድመው ባዘጋጁት ሰነድ ላይ ስለሆነ፣ መከራከር የሚያዋጣው ሰነዱ ሲዘጋጅ ነው።

ከዚያም በፊት መጣራት ያለበት አንድ ነገር አለ። ቤቱ ወይም ሱቁ በእርግጥ ከተማው ውስጥ ነው? የፖስታ አድራሻ ይህን አይመልስም። አድራሻቸው «ስቶን ማውንቴን» ወይም «ዲኬተር» የሚል በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ከእነዚህ ከተሞች ወሰን ውጭ፣ በቀጥታ በዲካልብ ካውንቲ ሥር ናቸው። የማይመለከተው ከተማ ምክር ቤት ደጅ የሚጠና፣ የማይመለከተው ከተማ መስኮት ላይ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። የካውንቲው ግብር ገማች ድረ ገጽ ላይ ቁራሽ መሬቱን ፈልጎ የግብር ቀጠናውን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እዚያው ካርታ ላይ የሚታየውን የወሰን መስመር ግን አይመኑት፤ ለግብር ተብሎ የተሣለ ስለሆነ በብዙ ጫማ ሊሳሳት ይችላል።

አሥራ ሦስት ጫማ ሣር

ብዙ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ፕላቱ ላይ 50 ጫማ ስፋት አለው። አስፋልቱ 24 ጫማ ከሆነ 26 ጫማ ይተርፋል፤ ለሁለት ሲካፈል በየጎኑ 13 ጫማ፣ አራት ሜትር ገደማ ሣር ነው። ሣሩን የሚያጭደው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ዛፉንም የተከለው እሱ ሊሆን ይችላል። ቦታው ግን የመንገዱ ክልል ነው፤ እዚህ ራይት ኦፍ ዌይ የሚሉት። ከአስፋልቱ ጠርዝ አምስት ጫማ ገባ ብሎ አጥር የተከለ ሰው፣ እሱ በልቡ ለመንገዱ አምስት ጫማ ለቀቀ፤ በፕላቱ ስምንት ጫማ ገፍቶ ወጣ።

አገር ቤት አጥርና ወሰን በአነጋገራችን አንድ ናቸው። እዚህ አጥር የሚያሳየው አጥሩን የሠራው ሰው የት ማቆም እንደፈለገ ብቻ ነው። ወሰኑን የሚያሳየው ፕላቱና መሬት ውስጥ የተቀበረው የብረት ችካል ነው። ፕላቱ የሚገኘው ካውንቲው ውስጥ ካለው የሱፒሪየር ፍርድ ቤት ክላርክ (መዝገብ ያዥ) መዝገብ ነው። ችካሉ ብዙውን ጊዜ የአርማታ ብረት ቁራጭ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ የቀያሹ የፈቃድ ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ቆብ አለው። ዓመታት ሲያልፉ ሣርና አፈር ስለሚሸፍነው ቀያሾች በብረት መፈለጊያ ያስሱታል።

እዚህ ላይ ሁለት ወረቀቶች ይምታታሉ። ቤቱ ሲገዛ ለባንኩ ተብሎ የሚሠራ ቤቱ የት አካባቢ እንደቆመ የሚያሳይ ንድፍ አለ፤ ይህ የወሰን ቅየሳ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአጥር መሥሪያ እንዳይውል እላዩ ላይ ተጽፎበታል። ማዕዘኖቹን ለክቶ፣ ችካል ተክሎ፣ ማኅተም አድርጎ የሚያስረክበው የወሰን ቅየሳ ሌላ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ይለያል። የባለቤትነት ኢንሹራንስም ቢሆን ያለ ቅየሳ ሲገዛ «ቅየሳ ቢደረግ ኖሮ ይታወቅ የነበረ ጉዳይ አይሸፈንም» የሚል ሐረግ በተለምዶ ይይዛል። ሰው «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ሲተማመን ወሰን መግፋት ከውሉ ውጭ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

በብዛት ተገፍተው የሚገኙት አጥር፣ የድጋፍ ግንብ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የሬስቶራንት በረንዳና የሣር ማጠጫ ቱቦ ናቸው። የጡብ የፖስታ ሣጥን ለብቻው የሚያስቅ ነገር ነው። ፖስታ ቤቱ ሣጥኑ ከመንገዱ ወለል ከ41 እስከ 45 ኢንች ከፍ ብሎ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ከ6 እስከ 8 ኢንች ገባ ብሎ እንዲቆም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሣጥኑ የግድ የከተማው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ችግሩ ሣጥኑ ሳይሆን ጡቡ ነው፤ መኪና ቢመታው ስለማይሰበር ሰው ይጎዳል፤ ከተማውም የሚፈራው ያን ክስ ነው።

ነገሩ ሲደረስበት «ኢንስፔክተሩ አይቶ ምንም አላለኝም» ወይም «20 ዓመት ሆኖታል» የሚለው መከራከሪያ ይቀድማል። ሁለቱም ብዙ አያስኬዱም። በጆርጂያ ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት በተያዘ የከተማ መሬት ላይ የዓመት ብዛት ባለቤት አያደርግም። ሠራተኛ ሥልጣኑ ሳይሆን የፈቀደው ነገርም ከተማውን አያስርም፤ በስህተት የተሰጠ የግንባታ ፈቃድ እንኳ መብት አይፈጥርም።

«ይህችን ቁራጭ ለምን አይተዉልኝም?» የሚለውስ? ምክር ቤቱ ቢፈልግም አይችልም። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት የሕዝብን ንብረት ያለ ዋጋ መስጠትን ይከለክላል። ስለዚህ በምክር ቤቱ እጅ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ አፍርስ ማለት፣ በውል እንዲቆይ መፍቀድ፣ መሸጥ፣ ወይም መንገዱን ከአገልግሎት ማውጣት።

መሸጥ ሲባል እንደ ልብ አይደለም። የከተማ መሬት በመርህ ደረጃ የሚሸጠው በታሸገ ጨረታ ወይም በሐራጅ ነው። ብቻዋን ምንም የማትሠራ ጠባብ ቁራጭ ግን ያለ ጨረታ ለአዋሳኝ ባለቤት ልትሸጥ ትችላለች፤ አንድ ግዴታ አለው፤ አዋሳኞች በሙሉ እንዲያውቁና የመግዛት ዕድል እንዲያገኙ መደረግ አለበት። ጎረቤት የሚያኮርፈው፣ አንዳንዴም የሚከሰው፣ ይህ ማስታወቂያ ሲዘለል ነው። መንገዱን ከአገልግሎት ማውጣት ከዚህ ይከብዳል። ምክር ቤቱ መንገዱ ለሕዝብ የረባ ጥቅም አይሰጥም ወይም መውጣቱ ለሕዝብ ይበጃል ብሎ መወሰን፣ ለአዋሳኞች ማሳወቅ፣ በጋዜጣ በሳምንት አንዴ ለሁለት ሳምንት ማውጣትና ሕዝብ ማወያየት ይኖርበታል።

ስለዚህ የሚበዛው በውል ማቆየት ነው። ረቂቁን የሚያዘጋጀው የከተማው ጠበቃ ስለሆነ ለከተማው ያደላል፤ ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ፈቃዱ በማናቸውም ጊዜ ሊነሣ እንደሚችል፣ ሲነሣ ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንደሚያፈርስ፣ በዚያ ምክንያት ለሚመጣ ክስ ከተማውን እንደሚክስ ይጽፋል። ማፍረሻው ስንት ቀን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ለአጥር 30 ቀን ይበቃል፣ ለድጋፍ ግንብ ግን አይበቃም፤ ይህን ማስረዘም የሚቻለው ከመፈረም በፊት ብቻ ነው። ከዚያ ኢንሹራንሱ ይመጣል። ከተማው በፖሊሲው ላይ እንደ ተጨማሪ ዋስትና ተቀባይ ስሙ እንዲገባ ይጠይቃል። የንግድ ኢንሹራንስ ይህን በቀላሉ ያደርገዋል፤ የቤት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ግን ያንገራግራሉ፤ ውሉ ጸድቆ ወረቀቱ ለወራት የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ምክር ቤቱ ከመሰብሰቡ በፊት ለወኪሉ ደውሎ መጠየቅ ያዋጣል። ውሉም ከትክክለኛ ልኬት ጋር ተያይዞ ካልተመዘገበ ቤቱ ሲሸጥ የገዢው ጠበቃ እንደ አዲስ ያነሣዋል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የከተማው ፈቃድ የጋዝ ወይም የመብራት ኩባንያውን አያስርም። መንገዱ የስቴት መንገድ ከሆነ ደግሞ ምክር ቤቱ ቢፈቅድም ባለሥልጣኑ የጆርጂያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። በቻምብሊና በዶራቪል የሚያልፈው ቡፎርድ ሃይዌይ የስቴት መንገድ ነው፤ እዚያ ላይ ታፔላ የሚተክል ሬስቶራንት ሁለት በር ማንኳኳት አለበት።

የጎረቤት ነገር

ጎረቤት ወሰን ገፋብኝ ብሎ ምክር ቤት መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ከተማው አጥሩ ከተፈቀደው ቁመት ማለፉን፣ ቤቱ ከወሰን መራቅ ያለበትን ያህል አለመራቁን ማየት ይችላል፤ መሬቱ የማን ነው የሚለውን የሚፈርደው ሱፒሪየር ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ዓመታት ይቆጠራሉ። በጆርጂያ መሬትን በግልጽና በይገባኛል ስሜት 20 ዓመት የያዘ፣ የሚያስይዝ የጽሑፍ ሰነድ ካለው ደግሞ 7 ዓመት የያዘ፣ ባለቤት ነኝ ሊል ይችላል። በግል መሬት ላይ የመተላለፊያ መብት በ7 ዓመት ሊገኝ ይችላል፤ መንገዱ ከ20 ጫማ ሊሰፋ አይችልም፤ ተጠቃሚውም ያንኑ መስመር ሳይቀይር እየጠገነ የኖረ መሆን አለበት። መጠገኑ ተራ ነገር እንዳይመስል፤ ለባለመሬቱ «እንደ መብቴ ነው የምጠቀመው» ብሎ ማሳወቂያው እሱ ነው።

በእኛ ባህል «ምን ችግር አለው፣ እለፍበት» ማለት ጉርብትና ነው። በጆርጂያ ሕግ ግን የቃል ፈቃድ የተሰጠው ሰው ያንን አምኖ ገንዘብ ካወጣ፣ ለምሳሌ ኮንክሪት ካፈሰሰ፣ ፈቃዱ እንዳይነሣ ሆኖ ከመሬቱ ጋር የሚተላለፍ ኢዝመንት ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ «ፈቃዱ ጊዜያዊ ነው፣ ስፈልግ አነሣለሁ» ብሎ መፈራረም ጉርብትናን አያበላሽም፤ ይልቁንም ልጆቻችሁ እንዳይካሰሱ ያደርጋል።

ከተማው ኢዝመንት ሲጠይቅ

ኢዝመንት ማለት መሬቱ የእርስዎ ሆኖ ሌላው በተወሰነ ቦታ ለተወሰነ ጉዳይ የሚጠቀምበት መብት ነው። ግብሩን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ቱቦው የከተማው ወይም የካውንቲው ነው። ለፍሳሽ መስመር በተለምዶ 20 ጫማ ስፋት ይያዛል፤ ከቱቦው መሃል በየጎኑ 10 ጫማ ማለት ነው። ስፋቱ ያስፈለገው ለቱቦው ሳይሆን ለቆፋሪው ማሽንና ለሚወጣው አፈር ነው። ስለዚህ እላዩ ላይ ሣር ይፈቀዳል፣ አጥርም በር ካለው ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ መጋዘን፣ መዋኛ፣ ሥሩ የሚሰድ ዛፍ አይፈቀድም። ያለ ፈቃድ የተሠራው ሲፈርስ ካሳ የለውም፤ እንዲያውም የማፍረሻውን ሒሳብ ለባለቤቱ የሚልኩ አሉ።

ከተማው አዲስ ኢዝመንት ሲፈልግ ደብዳቤው በጣም ጨዋ ነው፤ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» የሚል ቢጫ ወረቀትም ተለጥፎበት ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው በነጻ እንዲሰጥ ነው። መስጠት ግዴታ አይደለም። ከተማው ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲፈልግ ተገቢውን ካሳ የመክፈል ግዴታ አለበት፤ ካልተስማሙ በፍርድ ቤት የመውሰድ ሥርዓት አለ። ሕጉ ከድርድሩ በፊት ግምት እንዲሠራና ገማቹ ሲመጣ ባለቤቱ አብሮ እንዲዞር ዕድል እንዲሰጠው ይላል። ያን ዕድል ተጠቀሙበት፤ ገማቹ ከወረቀት የማያየውን የውኃ መውረጃ፣ የመኪና መግቢያውን ዳገት፣ የሚቆረጠውን ትልቅ ዛፍ የሚያየው አብሮት የሚሄድ ሰው ሲኖር ነው።

ወረቀቱ ውስጥ መታየት ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ግን እያንዳንዳቸው ገንዘብ ናቸው። ዋናው ቋሚው ከጊዜያዊው መለየቱ ነው። ለግንባታው ጊዜ ብቻ የሚፈለገው ተጨማሪ ስፋት ማብቂያ ቀን ካልተጻፈለት «ሥራው እስኪያልቅ» ይሆናል፤ የከተማ ሥራ ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ጉዳዩም በስም መጠቀስ አለበት። «ለፍሳሽ መስመር» እና «ለማናቸውም የሕዝብ አገልግሎት» እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው ነገ የኬብል ኩባንያ ይዞ ይገባል። ቦታው በልኬት ተገልጾ ንድፉ ካልተያያዘ «በግቢው ላይ» የሚል ጥቅል አነጋገር መላውን መሬት ያስራል። በመጨረሻም ማን ምን ይመልሳል የሚለው፦ አጥሩን፣ የመኪና መግቢያውን ኮንክሪት፣ ሣሩን፤ ሣር ሲባል ዘር መበተን ነው ወይስ የተነጠፈ ሣር? ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ያለ ግቢ ውስጥ ግን ዘሩ ሳይበቅል ዝናብ አፈሩን ይወስደዋል።

ፊርማውም ራሱ ሥርዓት አለው። በጆርጂያ የመሬት ሰነድ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ አንዱ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ)፣ ሌላው ተራ ምስክር። ከሌላ ስቴት የተገኘ ቅጽ ሞልተው በኖተሪ ብቻ ያስፈረሙ ሰዎች መዝገብ ቤት ላይ ይሰናከላሉ። የምዝገባው ክፍያ ከ2020 ወዲህ ለአንድ ሰነድ 25 ዶላር ወጥ ሆኗል። ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ካለ ባንኩም መስማማት ሊኖርበት ይችላል፤ መሬቱ መያዣው ነውና።

መሬትዎ መውጫ የሌለው ከሆነ ደግሞ ምክር ቤቱ መንገድ አይሰጥም። በሱፒሪየር ፍርድ ቤት አመልክቶ፣ ለጎረቤት ካሳ ከፍሎ፣ ከ20 ጫማ ያልሰፋ መተላለፊያ ማግኘት ይቻላል። የፍርድ ቤት ነገር ነው፤ እዚህ አናስፋፋውም።

«ላይሰንስ» የሚባለው ግብር

ሁሉም ሰው ቢዝነስ ላይሰንስ ይለዋል። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ወረቀት ግን በጆርጂያ ሕግ የሙያ ግብር ሰርተፍኬት ነው፤ ኦኩፔሽን ታክስ ይሉታል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ግብር የተከፈለበት ማረጋገጫ ስለሆነ ቦታው ለዚያ ሥራ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከዞኒንግ፣ ማለትም የትኛው ቦታ ለምን ሥራ እንደሚውል ከሚወስነው ደንብ፣ መጀመር ነው፤ ቦታው ለሬስቶራንት ወይም ለሕፃናት መዋያ የተፈቀደ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ። ከዚያ የኪራይ ውል፣ ከዚያ የእሳት አደጋና የሕንፃ ምርመራ፣ ምግብ ከሆነ የጤና ቢሮ፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬቱ። ውሉን አስቀድሞ የፈረመ ሰው ዞኒንግ ሲከለክለው ሱቁ ሳይከፈት ኪራዩ ይቆጥርበታል። በዚህ ዘርፍ ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ ውዱ ይኸኛው ነው።

ከተማው የሚሰበስበው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ክርክሩም ይለያያል። ግብሩ በሠራተኛ ብዛት፣ በወጥ ክፍያ፣ ወይም በጠቅላላ ገቢና በዘርፉ የትርፍ ምጣኔ ሊሰላ ይችላል። የቁጥጥር ክፍያ የሚባለው ደግሞ ለብቻው ነው፤ በገቢ ሊሰላ አይችልም፤ ከተማው ለቁጥጥሩ በእርግጥ ከሚያወጣው ወጪ ጋር መቀራረብ አለበት። ሕጉ የቁጥጥር ክፍያ ሊጣልባቸው ይችላል ብሎ የዘረዘራቸው ሥራዎች አሉ፤ ምግብ ቤት፣ ታክሲ፣ የሕንፃ ተቋራጭ፣ ቁልፍ ሠሪ፤ ጠንቋይም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ምክር ቤቱ ክፍያ ሲጨምር ግብር ከሆነ «ስሌቱ ምንድን ነው፣ እኔስ በየትኛው ምድብ ነኝ» ይባላል፤ የቁጥጥር ክፍያ ከሆነ «የወጪ ስሌቱን አሳዩኝ» ይባላል። ሁለቱን ያምታታ ተናጋሪ በጨዋነት ተመስግኖ ይቀመጣል።

ምድቡ የሚወሰነው በዋናው የሥራ ዘርፍ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነው። ተቀምጠው የሚበሉበት ሬስቶራንት 722511፣ ከመስኮት አዝዘው ከፍለው የሚወስዱበት 722513፣ አልኮል የማይሸጥ ካፌ 722515 ነው። ቅጹን ለመሙላት ሲጣደፉ የተሳሳተ ቁጥር ከገባ ከፍ ያለ የትርፍ ምድብ ውስጥ ሊጥል ይችላል፤ በየዓመቱ ሲታደስም ስህተቱ አብሮ ይታደሳል።

ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ የሚባክነው ግን «ጠቅላላ ገቢ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ባንክ የገባውን ሁሉ ይጽፋል። ሕጉ ግን የሽያጭ ታክስን፣ ተመላሽ ዕቃንና ቅናሽን፣ ለሥራው ለንዑስ ተቋራጭ የተከፈለን፣ ከስቴቱ ውጭ ላለ ደንበኛ ከተላከ ዕቃ የተገኘን ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢ ያስወጣል። አንድ የጽዳት ድርጅት በዓመት 900,000 ዶላር አስገብቶ ከዚያ ውስጥ 620,000 ዶላር ለንዑስ ተቋራጮች ከፈለ እንበል። ግብር የሚሰላበት ገቢ 280,000 ዶላር ነው። ምጣኔው ከሺህ ዶላር 80 ሳንቲም ቢሆን፣ በትክክለኛው ስሌት 224 ዶላር፣ በስህተቱ 720 ዶላር ይከፍላል። የከተማው ሠራተኛ ይህን ሊያርም አይችልም፤ የተጻፈለትን ቁጥር ነው የሚያባዛው። የተቀነሰው ነገር ማስረጃ፣ የሽያጭ ታክስ ሪፖርትና ለንዑስ ተቋራጮች የተሰጠው 1099 የተባለው የክፍያ ማሳወቂያ ቅጽ፣ አብሮ ቢያያዝ በኋላ ኦዲት ሲመጣ ይጠቅማል።

ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ መሐንዲስና የመሳሰሉት በገቢ ከመክፈል ይልቅ ከተማው የሚወስነውን፣ በሰው ከ400 ዶላር የማይበልጥ ወጥ ክፍያ መምረጥ ይችላሉ። ምርጫው የባለሙያው ነው፤ ከተማው አይመርጥለትም። ቢሮው በአንድ ከተማ የሆነ ድርጅት ደንበኞቹ ሌላ ከተማ ስለሆኑ ብቻ እዚያም እንዲከፍል አይጠየቅም።

ክፍያው ከቀነ ገደቡ 90 ቀን ካለፈው 10 በመቶ ቅጣት፣ በየወሩም 1.5 በመቶ ወለድ ሊጨመርበት ይችላል። ከመዘግየት ምክንያቶች አንዱ የቃለ መሐላው ቅጽ ነው። አመልካቹ በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ እንዳለ በኖተሪ ፊት ምሎ መታወቂያ ያያይዛል። በሳምንት 35 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚሠሩ ከ10 በላይ ሠራተኞች ካሉት ደግሞ የኢ-ቬሪፋይ (የሠራተኛን የመሥራት ፈቃድ ማጣሪያ የመንግሥት ሥርዓት) ቁጥሩን በሌላ ቃለ መሐላ ይሞላል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የራሱ ፈተና አለው፤ ግሪን ካርዱ ላይ የአባት ስም እንደ መካከለኛ ስም፣ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ የድርጅቱ ምዝገባ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ፊደሉ እንኳ አንዱ ጋ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ጋ በሌላ ይጻፋል። ቅጹ መሞላት ያለበት በመታወቂያው ላይ እንዳለው ነው።

ከተማው የግብር ድንጋጌውን ከማውጣቱ በፊት ሕዝብ ማወያየት አለበት። ከዚህ ግብር የሚያገኘው ገቢ ካለፈው ዓመት ከበለጠም ትርፉ ምን ላይ እንደሚውል ሲወስን እንደገና መድረክ ይከፍታል። ይህን ሁለተኛውን መድረክ ነጋዴው አያውቀውም ማለት ይቻላል፤ አዳራሹም ባዶ ይሆናል። የምክር ቤት አባልን የሚያሳምነው «ኑሮ ከብዶናል» ሳይሆን በአንድ ገጽ የተሠራ ስሌት ነው፦ ይህ ሱቅ በድሮው ሠንጠረዥ ይህን ያህል ከፈለ፣ በአዲሱ ይህን ያህል ይከፍላል፣ ሁለት ማይል ርቆ ባለው ከተማ ቢሆን ይህን ያህል ነበር።

ስብሰባው

የጆርጂያ ሕግ ስብሰባው ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ በተራ ስብሰባ ላይ የመናገር መብት ግን አይሰጥም። ከተሞች የሚፈቅዱት በራሳቸው ደንብ ነው፤ አስቀድሞ ስም ማስመዝገብ ያስፈልግ ይሆናል። የዞኒንግ ውይይት ሲሆን ይለያል፤ ለደጋፊም ለተቃዋሚም በየወገኑ ቢያንስ 10 ደቂቃ መሰጠት አለበት። ደቂቃው የወገኑ እንጂ የአንድ ሰው አይደለም፤ አሥር ጎረቤት መጥቶ የመጀመሪያው ስምንቱን ደቂቃ ከበላው ሌላው ቁጭ ብሎ ይመለሳል። የዞን ለውጥ የሚቃወም ሰው ባለፉት 2 ዓመታት ለአንዱ የምክር ቤት አባል ምርጫ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ አዋጥቶ ከሆነ ማሳወቅም አለበት።

ከወሰን መራቅ ስላለበት ርቀት ልዩ ፈቃድ ሲጠየቅ ደግሞ ቦርዱ ወይም ምክር ቤቱ እንደ ዳኛ ነው የሚቀመጠው። ከመድረኩ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ማስታወቂያ ይወጣል፤ ውሳኔው በቀረበው ማስረጃ ላይ ይቆማል። አባሉን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሱቅ ስለሚያውቁት ብቻ ስልክ ደውሎ ማማለድ እዚህ ላይ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ውሳኔው በዚያ ሰበብ ሊሰረዝ ይችላል።

ሰነድ ለማግኘት ለከተማው ክላርክ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይገባል፤ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ፍለጋ አይከፈልበትም፤ ቅጂውም ለተራ ገጽ ከ10 ሳንቲም አይበልጥም። ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ስለ ንብረቴ ያላችሁን ሁሉ» ማለት የፍለጋ ሰዓት ያበዛል፤ «የዚህ ቁራሽ መሬት ፕላት፣ በዚህ ዓመት የተሰጠው የግንባታ ፈቃድ፣ የኢንስፔክተሩ ማስታወሻ» ማለት ግን ብዙ ጊዜ በነጻው 15 ደቂቃ ያልቃል።

የተወሰነው ነገር አጭር ማጠቃለያ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ለሕዝብ መቅረብ አለበት። ሙሉው ቃለ ጉባኤ የሚጸድቀው ግን በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ፣ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ነው። የዞኒንግ ውሳኔን ወደ ሱፒሪየር ፍርድ ቤት ለመውሰድ ያለው ጊዜ 30 ቀን ሲሆን የሚቆጠረው ከጽሑፍ ውሳኔው ነው፤ የጸደቀውን ቃለ ጉባኤ እጄ ላይ ላድርግ ብሎ የጠበቀ ሰው ወረቀቱ ሲደርሰው ቀኑ አልፎበት ሊገኝ ይችላል።